ለቤት አርኬድ ሳጥን የሁለት ተጫዋች ፓኔል ሽቦ አዘረጋግ

በአርኬድ ሳጥን (ቆመው በበተንና በጆይስቲክ የሚጫወቱበት የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ሥራ ስክሪኑና ኮምፒውተሩ ብዙም አያስቸግሩም፤ ገዝቶ ማስገባት ነው። ዋናው ሥራ ፓኔሉ ሆድ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ የሚጫወትበት ፓኔል 16 በተንና 2 ጆይስቲክ ይይዛል። እያንዳንዱ ጆይስቲክ አራት አቅጣጫ ስላለው በጠቅላላው 24 መግቢያ ይሆናል። ከ24ቱ አንዱ እምቢ ሲል ሁሉም በተኑን ይጠረጥራል፤ ተፈትቶ ሲታይ ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የግራውንድ ሽቦው፣ ማለትም የሁሉም በተኖች የጋራ መመለሻ ሽቦ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግራውንዱ ሰፊውን ቦታ ይወስዳል፣ ቀዳዳ አበሳሱ ደግሞ በአጭሩ ይታለፋል።

ለአንድ ተጫዋች 6 የመጫወቻ በተን፣ አንድ ስታርትና አንድ ኮይን (ሳንቲም እንደገባ የሚያስቆጥር በተን) ይበቃል። ስድስት የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሦስት የቡጢና ሦስት የእርግጫ በተን ይፈልጋል፤ ኒዮ ጂኦ የሚባለው ማሽን ጨዋታዎች በአራት ያልቃሉ። ስድስት ያለው ሁለቱንም ይጫወታል። ስምንት የሚያደርጉም አሉ፤ በእኛ እምነት የተረፉት ሁለቱ ሽቦ ከማብዛት ሌላ ፋይዳ የላቸውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 12 ትልቅ በተን (30 ሚሊሜትር)፣ 4 ትንሽ በተን (24 ሚሊሜትር) ለስታርትና ለኮይን
- 2 ባለ ማይክሮስዊች ጆይስቲክ (ማይክሮስዊች በየበተኑና በየአቅጣጫው ሥር ያለ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው)
- 2 ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ቦርድ (የበተኖቹን ምልክት ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፍ ትንሽ ቦርድ)፣ ለአንድ ተጫዋች አንድ
- ፒኮው የሚሰካበት፣ በካቻቢቴ የሚጠብቅ ማገናኛ ያለው መደብ 2
- ዳታ የሚያስተላልፍ የማይክሮ ዩኤስቢ ኬብል 2
- 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ብዙ ክር ያለው ሽቦ፦ ባለ ቀለም 15 ሜትር፣ ጥቁር 5 ሜትር
- ሴቴ ጠፍጣፋ ተርሚናል (ሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ማያያዣ) 60 (የሚያስፈልገው 48 ነው፤ ሲጨመቅ የሚበላሽ አይጠፋም)
- የተርሚናል መጭመቂያ ፒንሳ፣ ሽቦ መላጫ፣ ካቻቢቴ፣ ድምፅ የሚያሰማ መልቲሜትር

በተኑ፣ ጆይስቲኩና ፒኮው አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። የቀረው አዲስ አበባ መሐል ይገኛል። ሽቦና ተርሚናል ፍለጋ መርካቶ ከወጣችሁ ሶማሌ ተራን አትለፉት፤ የመኪና መለዋወጫ ባለበት የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃም አለ። ለመኪና የሚሸጠው ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ስለሆነ ለፓኔል ተስማሚ ነው፤ በየቀለሙም ይገኛል። ተርሚናል ስትገዙ ግን አንድ ማይክሮስዊች ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱ። መኪና ላይ የተለመደው ስፋት 6.3 ሚሊሜትር በመሆኑ ልክ ካልነገራችሁ የሚሰጣችሁ እሱ ነው። የአርኬድ ማይክሮስዊች ምላስ (ተርሚናሉ የሚሰካበት ጠፍጣፋ ብረት) ግን በአብዛኛው 4.8 ነው፤ የጃፓን ሥራ የሆኑት በተኖች ደግሞ 2.8። ሰፊው ተርሚናል ጠባቡ ምላስ ላይ የያዘ ይመስላል፤ ሁለት ሰው ተጋግሎ ሲጫወት ግን ይወልቃል።

ሽቦው ቢጠፋ የኔትወርክ ኬብል መፍታት ይቻላል። አንድ ሜትር ኬብል ውስጥ 8 ሽቦ ስላለ 3 ሜትሩ 24 ሜትር ይወጣዋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ኬብል ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት፣ ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ተርሚናሉ አጥብቆ አይዘውም፤ ጫፉን ረዘም አድርጋችሁ ላጡና ወደ ኋላ አጥፋችሁ ድርብ አድርጉት።

ቦርዱን ስለ መምረጥ

የአሮጌ ኪቦርድ ሆድ አውጥቶ በተን መቀጠል ርካሽ ይመስላል። ለአንድ ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ለሁለት ግን አይሆንም። የኪቦርድ ቁልፎች በረድፍና በአምድ የተጣመሩ ናቸው፤ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ያልተነካ አራተኛ ቁልፍ የተጫነ መስሎ ሊቆጠር ይችላል፣ ወይም ኪቦርዱ ሦስተኛውን አልቀበልም ይላል። ሁለት ሰው ሲጫወት አምስትና ስድስት ነገር በአንድ ጊዜ መጫን የተለመደ ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያለበት ቤት አርዱይኖ የሚባለው ኮድ የሚጻፍበት ቦርድ አይጠፋም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኡኖ ነው። ኡኖ እንዳለ ተሰክቶ ራሱን ለኮምፒውተሩ ጌምፓድ (የጨዋታ መቆጣጠሪያ) ነኝ ብሎ አያስተዋውቅም። ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ከሆነ ይችላል፣ ኮዱን ግን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ዜሮ ዲሌይ በሚል ስም የሚሸጠው ቦርድ ደግሞ ከነሽቦው ስለሚመጣ መሰካት ብቻ ነው። ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አንዲት ሶኬቱ ስትላላ ለመጠገን የምታስቸግር መሆኗ ነው።

እኛ የምንመርጠው ፒኮውን ነው። ጂፒ2040-ሲኢ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሲጫንበት ያለ አንዲት መስመር ኮድ ጌምፓድ ይሆናል። አጫጫኑም ቀላል ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለችውን ቡትሴል የምትባል ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ዩኤስቢውን ስትሰኩ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ የፕሮግራሙን ዩኤፍ2 ፋይል ወደ ውስጥ ገልብጡ። ሽቦ ከመቀጠላችሁ በፊት ሁለቱንም ቦርድ እንዲህ አዘጋጁ፤ የሞተ ቦርድ ካለም አሁኑኑ ይታወቃል። ፍላሹ ካልተከፈተ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ኬብሎች ኃይል እንጂ ዳታ አያስተላልፉም።

ጣውላውና ቀዳዳው

ለሁለት ሰው የፓኔሉ ስፋት ከ70 ሴንቲሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ያለበለዚያ ክርን ከክርን ይጋጫል። 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ጥሩ ነው። ኮምፐርሳቶም ይሆናል፤ ቺፑድ ግን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይፈረፈራል። በተን ስታዝዙ በዳዶ የሚጠብቅና አንገቱ ረዥም መሆኑን አረጋግጡ፤ ተጭኖ የሚገባው ዓይነት ለስስ ብረት የተሠራ ስለሆነ ጣውላ አይዝም። ሁለት ጎረቤት በተኖች ከመሐል እስከ መሐል 36 ሚሊሜትር ያህል ይራራቁ። ጆይስቲኩ ባለበት ቦታ ጣውላውን ከታች ጠርባችሁ አሳሱት፤ አለዚያ ዘንጉ አጥሮ ይቀራል። ፎርማይካ የለበሰ ከሆነ ከላይ እስከ ግማሽ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ ከታች ብሱ። ጭንብል አድርጉ፤ የኤምዲኤፍ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው።

በተኖቹንና ጆይስቲኮቹን ሁሉ አጥብቁና ፓኔሉን ብርድ ልብስ ላይ ገልብጡት። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ከሆዱ በኩል ነው፤ ግራና ቀኝ መገልበጡን አትርሱ። «1» እና «2» ብላችሁ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ በየተጫዋቹ ወገን ለጥፉ።

ግራውንድ

ማይክሮስዊች ሦስት ምላስ አለው፤ ሲኦኤም (COM)፣ ኤንኦ (NO) እና ኤንሲ (NC) ተብሎ ተጽፎበታል። የሚያስፈልጉን ሲኦኤም እና ኤንኦ ናቸው። ኤንሲ ሳይጫን የተገናኘ፣ ሲጫን የሚለያይ ነው፤ እሱ ላይ ከቀጠላችሁ ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ሲተኩስ ይውላል። ጽሑፉ ከጠፋ በመልቲሜትር ለዩ፤ ሲጫን ብቻ ድምፅ የሚሰጡት ጥንዶች ሲኦኤምና ኤንኦ ናቸው። ሁለት ምላስ ብቻ ያለው በተን ላይ የትኛውም ወገን ግራውንድ መሆን ይችላል።

የሁሉም ማይክሮስዊች ሲኦኤም ከአንድ ግራውንድ ጋር ይገናኛል። ከእያንዳንዱ ወደ ቦርዱ ለየብቻ ሽቦ መሳብ አያስፈልግም፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተቀባበለ ይሄዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ለአንድ ተጫዋች 11 ቁራጭ ጥቁር ሽቦ ቁረጡ። ርዝመቱ ከአንዱ ማይክሮስዊች እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት በ3 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ተወጥሮ የተሰካ ሽቦ በንዝረት ይወልቃል።
2. ጫፎቹን 6 ሚሊሜትር ያህል ላጡ። የአንዱን መጨረሻና የቀጣዩን መጀመሪያ አንድ ላይ ጠምዝዛችሁ በአንድ ተርሚናል ውስጥ ጨምቁ። ቀይ ሽፋን ያለው ተርሚናል ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ስለሚይዝ ድርብ 0.5 ሽቦ በደንብ ይቀመጥበታል።
3. የጨመቃችሁትን ሁሉ ጎትቱት፣ ሳትራሩ። አሁን ካልወጣ በኋላም አይወጣም።
4. ሰንሰለቱን ከስታርት ጀምራችሁ በኮይን፣ በስድስቱ በተኖች፣ ከዚያ በአራቱ የጆይስቲክ ማይክሮስዊቾች አሳልፉ።
5. ከሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ረዥም ጥቁር ሽቦ ወደ ፒኮው አምጡ። አሁን ግን አንዱን ብቻ አገናኙ፣ ለምሳሌ የቦርዱ እግር 3 ላይ (የእግሮቹ ቁጥር ከታች አለ)። ሌላውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አቆዩት።

ሁለት ጫፍ የምናመጣው ሰንሰለቱን ቀለበት ለማድረግ ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ የተገናኘ ሰንሰለት አምስተኛው ላይ ቢላላ ከስድስተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ ይሞታል። ቀለበት ከሆነ ግን ከሌላው ወገን ግራውንድ ስለሚያገኝ ጨዋታው አይቋረጥም። ቀለበት አንድ ተንኮል አለው፤ የመጀመሪያውን ብልሽት ይደብቃል። ከመጀመሪያው አንድ ቦታ ላይ በደንብ ያልተጨመቀ ተርሚናል ቢኖር አታውቁትም፤ የምታውቁት ሁለተኛው ሲላቀቅ ነው። ቀለበቱን ከፍተሻ በፊት እንዳትዘጉ የምንለው ለዚህ ነው።

ለሁለቱ ተጫዋቾች አንድ የጋራ ቀለበት መሥራትም ይሠራል። ለየብቻ ማድረጉን እንመርጣለን፤ «የአንደኛው ወገን በሙሉ ሞተ» የሚል ምልክት ብቻውን የት መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ተርሚናል አጥታችሁ ምላሱ ላይ በሶልደር ልትበይዱ ካሰባችሁ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ካለፈ ፕላስቲኩ እንደሚቀልጥና ውስጡ ያለው ምላስ ከቦታው እንደሚንሸራተት እወቁ። የተበየደ በተን መቀየርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የምልክት ሽቦዎች

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከኤንኦ ምላሶች ወደ ፒኮው 12 ባለ ቀለም ሽቦ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ከመነሻው የሚጠብቃቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው (ጂፒ የመግቢያው ስም፣ እግር ደግሞ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ያለው ተራ ቁጥር ነው)፦

- ወደ ላይ፦ ጂፒ2 (እግር 4)
- ወደ ታች፦ ጂፒ3 (እግር 5)
- ወደ ቀኝ፦ ጂፒ4 (እግር 6)
- ወደ ግራ፦ ጂፒ5 (እግር 7)
- የታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ጂፒ6፣ ጂፒ7፣ ጂፒ8 (እግር 9፣ 10፣ 11)
- የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ጂፒ10፣ ጂፒ11፣ ጂፒ12 (እግር 14፣ 15፣ 16)
- ኮይን፦ ጂፒ16 (እግር 21)
- ስታርት፦ ጂፒ17 (እግር 22)

ግራውንድ እግር 3፣ 8፣ 13፣ 18 እና 23 ላይ ይገኛል፤ የቀለበቱን ሁለት ጫፍ በ3 እና በ23 ማሰር ይመቻል። እግሮቹን ስትቆጥሩ 1 ቁጥር ያለው የዩኤስቢው ሶኬት አጠገብ ነው፤ ቦርዱን ገልብጣችሁ ከቆጠራችሁ ሁሉም ይሳሳታል። ሌላው ዋና ነገር፣ የፒኮ እግሮች በ3.3 ቮልት የሚሠሩ መሆናቸው ነው። በተኑ ምልክቱን ከግራውንድ ጋር ከማገናኘት ሌላ ሥራ የለውም፤ 5 ቮልት በምንም መንገድ ጂፒ እግር ላይ እንዳይደርስ።

ቀለም ሲያንሳችሁ በየሽቦው ሁለት ጫፍ ላይ ትንሽ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉ። ሽቦው መሐል ላይ የተጻፈ ቁጥር አንድ ላይ ሲታሰር አይታይም።

ጆይስቲኩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ዘንጉ መሐሉ ላይ ስለሚዞር ወደ ላይ ስትገፉት ከታች ያለው ጫፉ ወደ ታች ይሄዳል፤ የሚጫነውም የታችኛው ማይክሮስዊች ነው። ስለዚህ «ወደ ላይ» የሚለው ሽቦ የሚሰካው ታች ባለው ማይክሮስዊች ላይ ነው። ቀኝና ግራም እንዲሁ። ፓኔሉ ተገልብጦ ሳለ ይህንን በሐሳብ ማስላት ያምታታል፤ መልቲሜትሩን አንዱ ማይክሮስዊች ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ዘንጉን ከፊት ሆኖ ወደ ላይ ይግፋ። ድምፅ የሰጠው እሱ ነው። አምስት እግር ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ያለው ጆይስቲክ ከሆነ አራቱ አቅጣጫዎች፣ አንዱ ግራውንድ ነው፤ በዚያው መንገድ ለዩት።

በነገራችን ላይ ፓክማን የመሰሉ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ጨዋታዎች በአራት አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጆይስቲክ ነበራቸው። በስምንት አቅጣጫው ስትጫወቱት መታጠፊያ ላይ ይደናበራል፤ ሽቦ መፍታት አያስፈልግም። ብዙ ጆይስቲክ ከታች ያለው መገደቢያ ሳህኑ ተፈትቶ ሲዞር ወደ አራት ይቀየራል።

ዩኤስቢ ከመሰካታችሁ በፊት

መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የፒኮው እግር 3 ላይ ያዙ፣ ሌላውን በ12ቱ የምልክት ማገናኛዎች ላይ በየተራ አሳርፉ። ሳይጫን ዝም፣ ሲጫን ድምፅ፤ ሌላ ነገር የለም። 12ቱም ካለፉ ጥቁሩን ሽቦ ከእግር 3 ፈታችሁ በፕላስተር የጠቀለላችሁትን ሌላውን ጫፍ እግር 23 ላይ አስሩ፤ ያንኑ ፍተሻ ከ23 ጀምራችሁ ድገሙት። በሁለቱም ካለፈ ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። አሁን ቀለበቱን ዝጉ።

ፒኮውን ጣውላው ላይ በሙጫ አትለጥፉት፤ በትንንሽ ብሎን ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ቡትሴል የምትባለውም ቁልፍ በጣት የምትደረስ ትሁን። የዩኤስቢ ኬብሉን ከሶኬቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ከጣውላው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። የማይክሮ ዩኤስቢ ሶኬት ተጎትቶ ከነመሠረቱ ሲነቀል መልሶ መበየድ ከባድ ነው። ከፓኔሉ የሚወጡት ሁለት ዩኤስቢ ኬብሎች ብቻ ስለሆኑ ፓኔሉን ከሳጥኑ ለይቶ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣትም ይቀላል።

ዊንዶውስ ላይ የጌምፓድ መፈተሻውን ክፈቱና እያንዳንዱን በተን ተመልከቱ። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ሽቦ አትፍቱ፤ ስታርትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ዩኤስቢውን ሰኩና ብራውዘር ላይ 192.168.7.1 ጻፉ፤ የማስተካከያው ገጽ ይከፈታል።

ሲበላሽ

አንድ በተን ብቻ ከሞተ የኤንኦ ሽቦውን እዩ። ተከታታይ የሆኑ ብዙ በተኖች አንድ ላይ ከሞቱ ግራውንዱ ሁለት ቦታ ተቋርጧል፤ ከሞቱት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ላይ ፈልጉ። አንዱን ስትጫኑ ሁለት ከመለሰ የተላጠ ሽቦ ጎረቤቱን ነክቷል፣ ብዙውን ጊዜ ማገናኛው ላይ ያመለጠች አንዲት ክር ናት። ማንም ሳይነካው የሚተኩስ ኤንሲ ላይ የተቀጠለ ነው። አንዴ ተጭኖ ሁለቴ የሚቆጥር በተን ማይክሮስዊቹ አልቋል፤ በተኑን ትታችሁ እሱን ብቻ ቀይሩ።

አንደኛውና ሁለተኛው ተጫዋች ቦታ እየተለዋወጡ ካስቸገሩ ሽቦ አትንኩ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ተመሳሳይ ቦርዶች ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው የሚቆጥራቸው። ሁልጊዜ በዚያው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኳቸው፣ ቀዳዳዎቹ ላይም ቁጥር ለጥፉ።

መብራት ያላቸው በተኖች ከገዛችሁ አምፖሉ ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቁ። ባለ 12 ቮልቱ በ5 ቮልት ጭል ጭል ነው የሚለው። 16 አምፖል እያንዳንዱ 20 ሚሊአምፒር ቢወስድ 320 ይሆናል፤ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ጣሪያ 500 ነው። ከቦርዱ አትውሰዱላቸው፤ የራሳቸው 5 ቮልት አዳፕተር ይኑራቸው።

220 ቮልቱ

የስክሪኑና የኮምፒውተሩ መብራት ገመድ ከፓኔሉ ሽቦ ጋር በአንድ ማሰሪያ አይታሰር። መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር። ፓኔሉ የብረት ከሆነ ከምድር ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት፤ የግድግዳው ሶኬት ምድር በእርግጥ የተቀጠለ መሆኑንም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሹ። ምድር በሌለበት የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ማጣሪያ በአካሉ ላይ የዋናውን ግማሽ ያህል ቮልት ያሳድራል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ እጅን ነዘር ነዘር ያደርጋል እንጂ አይጥልም፤ ግን ሁለቱም ተጫዋች ላብ ባለው እጅ ብረት እንደያዙ አትርሱ። ዲቫይደር ላይ ሦስተኛ እግር የሌለው አዳፕተር መጨመር ይህንኑ ምድር ይቆርጠዋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓኔሉ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው ጨዋታው ያለበት ሚሞሪ ነው፤ በተለይ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ የሚሠራ ከሆነ ካርዱ መጻፍ ላይ እያለ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አድርጉለት፣ የካርዱንም ግልባጭ አስቀምጡ።

ወደ አራት ተጫዋች ማሳደግ ለሚፈልግ አሠራሩ አይለወጥም፤ ሁለት ፒኮና ሁለት ቀለበት ይጨመራል፣ አራቱም የራሱ አዳፕተር ባለው ዩኤስቢ ሀብ ይገባሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ተጫዋች በአራት በተን ይበቃቸዋል። የፓኔሉ ስፋት ግን 1 ሜትር ከ20 ገደማ ስለሚደርስ ጣውላውን ከማስቆረጣችሁ በፊት የሳሎናችሁን በር ለኩ።